ኬንያንጌ እንዴት እንደሄደች

...አምስት ሰው ቀርቷል፣ ፌስቶ፣ ጆቫንስ፣ ከማዶ የመጡት ሁለቱ እህትማማቾች፣ ከዚያ እማማ ኤድሪዳ፣ ከእማማ ኤድሪዳ ቀጥሎ እሷ ናት፣ ሜራብ፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ ቢደርሰው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፣ ፌስቶ ግን አምስት ደቂቃ በቅቶት አያውቅም፣ ፌስቶ ይባረክ፣ ዛሬ ስለ ድንቹም ስለ ጥጃውም ስለ አማቱም ይናዘዝ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይናዘዝ፣ ጌታ ሆይ ምላሱን አርዝምለት። ይሄም ጸሎት ሆኖ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ምክትል ርእሰ መምህርት ናት፣ ሁለት መቶ ተማሪ በአንድ አተያይ ጸጥ ታሰኛለች፣ አሁን ቁጭ ብላ የሰው ኃጢአት እንዲበዛ ትጸልያለች፣ ያውም ሐሙስ ከሰዓት፣ በወንድም ዜፋኒያ ቤት በሚደረገው የኑዛዜ ጉባኤ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ በሚሸተው ሳሎን።

ዜፋኒያ አናጺ ነው፣ አግዳሚዎቹን የሠራቸው ራሱ ነው፣ አራቱንም ግድግዳ ተጠግተው እንዲዞሩ አድርጎ፣ ማንም ከማንም ጀርባ እንዳይደበቅ፣ የዳነ ሰው ፊት እንጂ ጀርባ የለውም እያለ ነበር ሚስማሩን የሚመታው። ሜራብ ግን ለጀርባዋ ቦታ አግኝታለታለች፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሐይቁን ከኋላዋ አድርጋ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያችው ቦታ፣ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፣ መምህርት የመስኮቱ ብርሃን ከኋላ ሲመጣላት ለማንበብ ይመቻታል ይላሉ፣ እሷም ፈገግ ትላለች፣ ፈገግታ ውሸት ነው አይባልም፣ ወይስ ይባላል?

ሐይቁ ዛሬ ጸጥ ብሏል፣ ሳታየውም ታውቀዋለች። ቡንዮኒ ሲረጋ የደንገሉ ሹክሹክታ እዚህ ድረስ ይሰማል።

እጇን ታየዋለች። እጇ ደኅና ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ የሚንቀጠቀጠው ሌላ ቦታ ነው፣ ጉልበቷ ውስጥ፣ ከቀሚሷ ሥር፣ ማንም አያየውም፣ እማማ ኤድሪዳ ግን ተጠግተዋት ነው የተቀመጡት፣ ጭናቸው ጭኗን ይነካዋል፣ ይሰማቸው ይሆን? በርዶሽ ነው ልጄ? ይሏታል ወዲያው፣ ተሰምቷቸዋል ማለት ነው፣ አይ እማማ፣ ደኅና ነኝ። ነጠላ ልስጥሽ? ኧረ ደኅና ነኝ እማማ። እማማ ኤድሪዳ የራሳቸውን ነጠላ አንገታቸው ላይ ይጎትቱታል፣ እንቅርቱን ለመሸፈን፣ ትልቅ ሆኗል፣ ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል፣ ማክሰኞ ከተማው ሆስፒታል ገብተው ሊቀደዱ ነው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ሐኪሙ ወደ ሜራብ ዞር ብሎ በዚህ ዕድሜ ዋስትና አልሰጥም አላት፣ እንደ ልጃቸው ቆጥሮ። እንደ ልጃቸው።

ያን ጊዜ፣ ሐኪሙ እንደዚያ ባለ ጊዜ፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አላት። ይሄን ለማንም አትናገረውም። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ እሳቸው ካልተመለሱ የሚጠይቀኝ አይኖርም የምትል፣ አጭር፣ ቀዝቃዛ ነገር፣ ወዲያው ገፋችው፣ ወዲያው ለሐኪሙ ቀጠሮውን አስጻፈች፣ ወዲያው ለእማማ ብርድ ልብስ ገዛች። ግን አለፈች እኮ፣ በሆዷ አለፈች፣ ዱካዋን አየችው።

ፌስቶ ይነሣል። ጌታ ይመስገን ወንድሞቼ፣ ጌታ ይመስገን እህቶቼ፣ እኔ በዚህ ሳምንት ሌባ ነበርኩ፣ የጎረቤቴን የእርከን ድንበር በአንድ ዶማ ገፋሁት፣ አንድ ዶማ ብቻ፣ ከዚያ አላለፍኩም። ፌስቶ፣ ይላል ዜፋኒያ፣ አምናም አንድ ዶማ ነበር። ተው ይናገር፣ ትላለች ጆቫንስ ከወዲያ ማዶ፣ ዶማ በዶማ እኮ ተራራውን ሊጨርሰው ነው። ይስቃሉ። ለባለቤቱ ነገርከው? ነገርኩት። ምን አለህ? እሱማ፣ አይ እሱማ፣ ተው ፌስቶ እኔም በላይ በኩል ገፍቼብህ ነበር፣ እኩል ለእኩል ነን አለኝ። ሳሎኑ በሳቅ ይናጋል፣ ከሳቁ ውስጥ መዝሙሩ ይነሣል፣ ጭብጨባ፣ ፌስቶ ፊቱ እንደ ታጠበ ድንች እያበራ ይቀመጣል፣ አለቀለት፣ በቃ፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፣ ምነው ፌስቶ፣ ምነው አንተ ሰው፣ ዛሬ ነው ማሳጠር የተማርከው?

እንዲህ ቀላል ነው። አንድ ዶማ።

እዚህ ቤት ሕጉ ሁለት ነው፣ የሠራኸውን በስሙ ትጠራዋለህ፣ ሰው በድለህ ከሆነ ደግሞ አግዳሚው ፊት ከማውጣትህ በፊት ሄደህ ለባለቤቱ ትነግረዋለህ፣ መጀመሪያ ለባለቤቱ፣ ከዚያ ለብርሃኑ። ሜራብ ሕጉን ለአዲሶቹ የምታስተምረው ራሷ ናት፣ በጠመኔ ጽፋ፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር። የእሷ በደል ባለቤት ግን ጭኗን ነክተው ተቀምጠዋል፣ በየሐሙሱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። የአንድ ክንድ መንገድ እኮ ነው፣ ዞር ብሎ እማማ ማለት ብቻ ነው፣ ወደ ፌስቶ ጎረቤት ተራራ መውጣት አለበት፣ ወደ እሳቸው ዞር ማለት ብቻ።

ሦስት ጊዜ ሞክራለች። አንዴ ደብዳቤ ጻፈች፣ ጽሑፉ አማረባት፣ ስላማረባት ቀደደችው፣ እንደ ድርሰት ነበር። አንዴ ቤታቸው ድረስ ሄደች፣ ቦሎቄ ይለቅሙ ነበር፣ ቁጭ በዪ ልጄ፣ እንዴት ከሳሽ፣ አሉና አብልተው አጠጥተው ሸኟት፣ ጠግባ ተመለሰች፣ እንዴት ያሳፍራል፣ ጠግባ። ሦስተኛውን ደግሞ ለጌታ ብቻ ተናገረች፣ በሹክሹክታ፣ በር ዘግታ፣ ይቅር እንዳላት ወሰነች፣ እሷው ወሰነች፣ እሷው ይቅር አለች፣ ከዚያ በኋላም ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው።

ምክንያት ነበራት እኮ። ከንቱ ምክንያት አይደለም። እማማ ኤድሪዳ ስለ ልጃቸው አሟሟት በነገርኳቸው በዚያ ቃል ነው የቆሙት፣ ባል የላቸው፣ ሌላ ልጅ የላቸው፣ ያ ቃል ባይኖር ያኔውኑ ይወድቁ ነበር፣ እኔ ነኝ የያዝኳቸው፣ በቃሌም በእጄም፣ ሳሙናውን የማመጣ እኔ፣ ጨውን እኔ፣ ሐኪም ቤት እኔ፣ ብለቃቸው ይወድቃሉ፣ ይሰበራሉ፣ ማን ያነሣቸዋል? ዜፋኒያ ዛሬ ሲከፍት ያነበበው ነገር ነበር፣ ሐዋርያው በመከራው በሕይወት ስለ መኖሩ እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ ነበር፣ በገዛ ራሱ መደገፉን እንዲተው ነው ያ ሁሉ የመጣበት፣ ሙታንን በሚያስነሣው ብቻ እንዲታመን፣ ሁሉም አሜን አሉ፣ እሷ ከሁሉ ጮክ ብላ አሜን አለች፣ ድምፅዋን ሰማችው፣ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የመሰላት። በጌታ ታመኑ ብላ ስንቱን አስተምራለች፣ እሷ ራሷ ታምና አታውቅም፣ አንድ ቀንም፣ እሷ የምታምነው በዕቅዷ ነው፣ የሳምንት ዕቅድ፣ የወር ዕቅድ፣ እውነቱን እሳቸው ካለፉ በኋላ የመናገር ዕቅድ።

ጆቫንስ ተነሥታ ኖሯል። ...ባሌን ሰድቤዋለሁ። ምን ብለሽ? ኧረ አይነገርም ወንድም ዜፋኒያ። በስሙ ጥሪው እንጂ። በሰው ፊት? በሰው ፊት። የበሰበሰ ዱባ አልኩት። ፌስቶ ሳቁ ያመልጠዋል፣ አንተ ዝም በል፣ ባለ አንድ ዶማ፣ ትለዋለች፣ ሄደሽ ነገርሽው? ይላል ዜፋኒያ ሳቁን በጢሙ ሸፍኖ፣ ምን እነግረዋለሁ፣ ሰምቶኛል እኮ፣ ጎረቤትም ሰምቷል፣ ፍየሎቹም ሰምተዋል! ማለቴ ይቅርታ ጠየቅሽው ወይ? ጠየቅኩት፣ ዱባስ መልካም፣ መበስበሱን ግን አንሺልኝ አለኝ። መዝሙሩ እንደገና ይነሣል፣ ጆቫንስ እንባዋንም ሳቋንም በአንድ እጇ ትጠርጋለች።

ሁለቱ እህትማማቾች አሉ ገና። ሁለት ሰው። አሥር ደቂቃ።

እኛስ፣ ትላለች ታላቂቱ ሳትነሣ፣ እኛ እንኳ ዛሬ ለመስማት ነው የመጣነው፣ የመምህርትን ምስክርነት እናታችን ስትነግረን ነው ያደግነው፣ ከአፏ እንስማ ብለን ነው ታንኳ ተሳፍረን የተሻገርነው፣ ጌታ ይመስገን። ጌታ ይመስገን፣ ይላል ቤቱ።

አሥሩ ደቂቃ ጠፋ። እንደ ቁልፍ ወለል ላይ ወድቆ፣ ጠፋ።

የምትናገረውን ታውቀዋለች፣ ተኝታም ትለዋለች፣ እንዲህ ይጀምራል፣ ሁለታችንም ገና ሃያ ዓመታችን ነበር፣ እኔና ኬንያንጌ፣ የእማማ ኤድሪዳ ልጅ፣ ከመምህራን ኮሌጁ ወደ ቤት እየተሻገርን ነበር፣ ንፋሱ ተነሣ፣ ታንኳችን ተገለበጠ፣ ሁለታችንም ዋና አናውቅም፣ ሁለታችንም የተገለበጠውን ታንኳ ያዝን፣ ታንኳው ግን ሁለት ሰው አይችልም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ሁልጊዜ፣ እስከ ሦስት ድረስ በሆዷ ትቆጥራለች፣ ከዚያ፣ ኬንያንጌ መዘመር ጀመረች፣ ፊቷ አልፈራም ነበር፣ አንቺ ያዢው፣ እኔን ጌታ ይዞኛል አለችኝ፣ እጇንም በፈቃዷ ለቀቀች። በዚህ ቃል ስንት ሰው አለቀሰ፣ በተራራው ትልቅ ጉባኤ ላይ በድምፅ ማጉያ ተናግራዋለች፣ ሕዝቡ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ቆሞ፣ ፌስቶ ያን ቀን ነው መጠጥ የተወ፣ ፌስቶ በዚህ ነው የዳነ፣ ታዲያ እሱስ ምን ይሆናል? የፌስቶ መዳን ውሸት ነው? ጌታ ሆይ፣ በውሸት ገመድ የወጣ ሰው ገመዱ ሲታይ ተመልሶ ይወድቃል?

እንግዲህ፣ ይላል ዜፋኒያ፣ እማማ ኤድሪዳ፣ ተራው የእርስዎ ነው። እማማ ኤድሪዳ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ቆይ ልጄ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይሄ ነው፣ ቡሼራውን አስቀድሙና ጉሮሮዬን ላርጥብ። ይስቃሉ። የዜፋኒያ ሚስት የማሽላውን አጥሚት በፕላስቲክ ኩባያ ታዞራለች፣ ወሬው ይነሣል፣ ፌስቶ ሁለተኛ ኩባያ ለመጠየቅ ዐይኑን ያቁለጨልጫል።

ተመስገን። ትንሽ ጊዜ ነው። ኩባያው ይሞቃል፣ ሁለት እጇን ታሞቅበታለች፣ ጠዋት እማማ ኤድሪዳ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ነው የመጡት፣ በእግራቸው፣ ያን ዳገት፣ ልጄ ዛሬ እንደ አዲስ ንገሪልኝ፣ እሷ እንዴት እንደሄደች፣ ሰምቼው ልግባ አሉ፣ እሺ እማማ አለች፣ ሌላ ምን ትላለች፣ ደወሉ ተደወለ፣ ክፍል ገባች፣ ክፍልፋይ አስተማረች።

ሜራብ።

ወዬ እማማ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትስቂብኝ።

ኧረ እማማ።

ጠጋ ይላሉ፣ የአፋቸው ትንፋሽ ቡሼራ ቡሼራ ይሸታል፣ ፉጨቱ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ፈርቻለሁ፣ ይላሉ።

ማክሰኞን ነው?

ሁሉንም። ቢላውን፣ የሚያስተኙበትን መርፌ፣ ወዲያ ያለውን። ላብ ያጠምቀኛል። ጌታን እጠራለሁ፣ ፍርሃቱ ግን አይሄድም፣ የባሰውንስ ልንገርሽ? አፍሬያለሁ። እሷ ያቺ ለጋ ልጅ እየዘመረች ሄደች፣ ፊቷ ሳይፈራ፣ እኔ አሮጊቷ፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ አግዳሚ የተቀመጥኩት፣ እንደ ፍየል እንቀጠቀጣለሁ። በምን ዐይኔ አያታለሁ? አንቺ ነሽ እንዴ እናቴ ብትለኝስ? በየሐሙሱ ስትናገሪው ደስ ይለኛል፣ ደሞ ቤቴ ስገባ እንደ ድንጋይ ይከብደኛል፣ እንደ እሷ መሆን አልቻልኩማ፣ ተይ አትስቂ፣ አንቺ አትስቂም አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ለአንቺ ብቻ የነገርኩሽ።

ይሄን አላሰበችም።

ከሁሉ አቅጣጫ አስባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገላብጣ፣ ይሄን አላሰበችም። ምርኩዝ ሰጠኋቸው ብላ ነበር። ሸክም ነው ያሸከመቻቸው፣ ያን ሁሉ ዳገት በየሐሙሱ ተሸክመው የወጡት እሱን ነው፣ እሷ አጠገባቸው ሆና ደገፍኳቸው ትላለች፣ ማን ነኝ ብላ ነው፣ ማን አደረጋት፣ የሰውን እናት በውሸት የምትይዝ፣ ጌታ መያዝ አይችልበትም ብላ ነው? ደንገሉ ይንሾካሾካል። ኩባያው ቀዝቅዟል። አሁን ካልተናገረች ማክሰኞ እኚህ ሴትዮ አልጋው ላይ ሆነው በፍርሃታቸው እያፈሩ፣ በልጃቸው ፊት እያፈሩ፣ ይተኛሉ፣ ምናልባትም አይነሡም፣ አፍረው ይሄዳሉ፣ በእሷ ምክንያት። አሁን ከተናገረች ደግሞ፣ አታውቅም፣ አታውቅም፣ ምንም አታውቅም፣ እዚያ ጋ ዕቅዱ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፣ እንደ ውሃው፣ እግር የሚደርስበት የለም፣ ጌታ ሆይ እግሬ አይደርስም፣ ዋና አላውቅም፣ ጌታ ሆይ...

እማማ፣ ኬንያንጌ ፈርታ ነበር።

ማን ነው የተናገረው? እሷ ናት። ድምፅዋ ነው።

ምን አልሽ?

ፈርታ ነበር እማማ። አልዘመረችም። ያልኩት ውሸት ነው። በጣም ፈርታ ነበር፣ ትጮህ ነበር።

እማማ ኤድሪዳ ያዩዋታል። ፊታቸው ላይ የሚሆነውን ለማየት ትፈራለች ግን ታያለች፣ መጨማደዱ መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ከዐይናቸው ዙሪያ ይላላል፣ እንደ ተፈታ ቋጠሮ፣ ልጄ፣ ይላሉ፣ ለእሷ አይደለም የሚሉት፣ ልጄን፣ ፈርታ ኖሯል፣ የኔ ጫጩት፣ እንደኔ። እንደ እርስዎ እማማ። እንደኔ። እጃቸው እጇን ያገኘዋል፣ ይጨብጠዋል፣ ደረቅ ነው፣ ሙቅ ነው። ማንን ጠራች?

እኔን። ስሜን ነበር የምትጠራው።

ጌታንስ?

አልሰማሁም።

እኔንስ?

አዎ በዪ። አዎ ማለት ምን ይጎዳል፣ አንዲት ቃል ናት፣ እማዬ ብላ ጠራችዎት ማለት፣ ማንኛውም ሰው እኮ ሲሰጥም እናቱን ይጠራል፣ ምናልባት ጠርታቸው ይሆናል፣ ምናልባት ውሃው ውስጥ፣ አፏ ተዘጋጅቷል፣ አፏ ይሄን ሥራ ያውቀዋል። አልሰማሁም እማማ። ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ነበር። አላውቅም።

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ቀስ ብለው፣ እጇን አልለቀቁም፣ እንዲያውም ጥብቅ አድርገው ይዘውታል፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ይላሉ፣ እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ፣ ለእኔ ብለሽ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለሽ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል።

ወይ ፈተና። እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል፣ ተመርቃለች፣ እጇ ተይዟል፣ እማማም ቀለላቸው፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ለማን ይጠቅማል? ለእሳቸው አይጠቅም፣ ለሟቿ አይጠቅም፣ ግማሹን እውነት ተናግራ ሙሉውን ምርቃት ይዛ ወደ ቤቷ፣ እንዴት ያለ ንግድ ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ራሷን ልታወጣ ነው፣ አንዴ በእግሯ፣ አንዴ በአፏ፣ አሁን ደግሞ በእሳቸው ደግነት። የዜፋኒያ ሚስት ኩባያ እየሰበሰበች ነው፣ ሦስት ሰው ቀርቷታል፣ ከዚያ እዚህ ትደርሳለች። ፍርሃቱ አሁን ሌላ ነው፣ ጉልበት ላይ አይደለም፣ ጥርስ ውስጥ ነው። ጌታ ሆይ ለእሳቸው እኔ አልሆንኩም፣ ለእኔም እኔ አልሆንኩም፣ ያዛቸው፣ እኔን ባትይዘኝ እሳቸውን ያዛቸው።

እማማ፣ እግሬን ይዛ ነበር።

ማን?

ኬንያንጌ። እኔ ታንኳውን ይዤ፣ እሷ እግሬን፣ ቁርጭምጭሚቴን። ታንኳው ይዞር ነበር፣ ሁለታችንን ይዞን ይሰጥም ነበር።

እሺ።

ገፋኋት።

ወዲያ ማዶ ጆቫንስ ስለ ዱባ አዘራር ለእህትማማቾቹ ታስረዳለች፣ ዱባማ ፍግ ይወዳል፣ ፍግ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ነው።

በእግሬ ነው እማማ። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን እኔም አላውቀው፣ ሰውነቴ ነው፣ ፍርሃቱ ነው። ሁለተኛው ግን እኔ ነኝ። አይቻት ነው። ስሜን እየጠራች ነበር፣ አይቻት ነው። በፈቃዷ አልለቀቀችም።

በቃ። ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆድ ውስጥ ተራራ የሚያክል ነገር፣ ሲወጣ አንድ እፍኝ ቃል፣ እዚህ ቤት ከሚነገረው ሁሉ ያጠረ።

የእማማ ኤድሪዳ እጅ አሁንም እጇ ላይ ነው፣ አይጨብጥም፣ አይሸሽም፣ እንደ ተረሳ ዕቃ ተቀምጧል። ከዚያ ያነሡታል። በችኮላ አይደለም። ኩባያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እንዳይፈስ እያስተካከሉ፣ አንዴ ያዞሩታል፣ እንደገና ያዞሩታል።

ጫማ አድርገሽ ነበር? ይላሉ።

ምን?

ስትገፊያት። ጫማ አድርገሽ ነበር ወይ?

የለም። የለም እማማ። ባዶ እግሬን ነበርኩ።

እህ፣ ይላሉ። ወለሉን ያያሉ። ሜራብ ትጠብቃለች፣ ጩኸት ትጠብቃለች፣ ጥፊ ትጠብቃለች፣ እርግማን፣ ወይም ያን የለመዱትን ልጄ የሚል ቃል፣ አንዱም አይመጣም፣ እንቅርቱ ያፏጫል፣ ይገባል ይወጣል፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እኚህ ሴትዮ ቀጥሎ የሚሉትን አታውቅም፣ ሁልጊዜ ታውቀው ነበር፣ እሷው ነበረች አፋቸው ላይ የምታስቀምጥላቸው።

እማማ፣ ይላል ዜፋኒያ፣ ጉሮሮው ረጠበ? ዝግጁ ነዎት?

ይነሣሉ። ለመነሣት ሁልጊዜ የሜራብን ትከሻ ይጫናሉ፣ ዛሬ ግድግዳውን ይጫናሉ፣ ረጅም ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ ልትደግፋቸው እጇ ብድግ ይላል፣ ትመልሰዋለች፣ ተዪ፣ አንቺ ተዪ፣ ይቆማሉ። ቆሙ። ብቻቸውን ቆሙ።

ጌታ ይመስገን፣ ይላሉ። ጌታ ይመስገን፣ ይላል ቤቱ።

ፈርቻለሁ። ማክሰኞ ሊቀድዱኝ ነው፣ ፈርቻለሁ፣ እንዲህ ብዬ በዚህ ቤት ተናግሬ አላውቅም፣ አፍሬ ነው። ያፈርኩበትም ልጄ ሳትፈራ ሄደች ስለተባልኩ ነው። አሁን ቡሼራ ስንጠጣ እንደሰማሁት ልጄም ፈርታ ኖሯል። እንግዲህ የፈራችውን ልጄን ጌታ ከተቀበላት እኔንም በፍርሃቴ ይቀበለኛል። ጸልዩልኝ። ትንፋሽ ይወስዳሉ። ሌላም የሰማሁት አለ። እሱ የእኔ አይደለም፣ የመምህርት ነው፣ ባለቤቷ ትናገረው። እኔ ገና አልጨረስኩትም፣ ለጌታ ሰጥቼው ነው ማክሰኞ የምገባው፣ ከወጣሁ ከእሷ ጋር እንነጋገራለን።

ይቀመጣሉ። በዚያው ቦታ፣ አጠገቧ፣ በመካከላቸው ግን ስንዝር የሚያህል ክፍት አለ፣ ንፋስ ያሳልፋል።

መዝሙር የሚያነሣ የለም። ዜፋኒያ ያያታል፣ ፌስቶ ያያታል፣ ከማዶ የመጡት እህትማማቾች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል፣ ጆቫንስ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ማክሰኞ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። ነገ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት፣ ባሏ ምን እንደሚል፣ ሐሙስ በዚህ አግዳሚ ላይ ቦታ ይኖራት እንደሆነ፣ እማማ ኤድሪዳ ከዚያ ክፍል ከወጡ ምን እንደሚነግሯት፣ ካልወጡ ደግሞ ሳይነግሯት መቅረታቸውን፣ አንዱንም አታውቅም፣ አንዱንም አላዘጋጀችም፣ የምትጨብጠው የለም፣ ፍርሃቱ አልሄደም፣ ሄዷል ብላ አትዋሽም፣ ጉልበቷ በሰው ሁሉ ፊት ይንቀጠቀጣል፣ ቀሚሷ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፣ ይታይ፣ ፈርቼም ልያዝ እችላለሁ ማለት ነው፣ እንደ እሳቸው፣ ጌታ ሆይ፣ ካልያዝከኝ የለሁም።

ተነሥታለች።

ያን ቀን፣ ትላለች፣ ያን ቀን እኔ በጌታ አልታመንኩም፣ ድምፅዋ ክር ሆኗል፣ ከአፏ ሳይርቅ ይወድቃል፣ በር አጠገብ ያለው ፌስቶ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ያዘነብላል፣ ምንም አያውቅም፣ በደግነቱ ነው፣ አይሰማም መምህርት፣ ይላል፣ ጮክ በዪልን፣ እሷም ጮክ ብላ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።